የምትወዱት ዘፈን የማን ነው?

ወገኖቼ፣ የቱ ዘፋኝ ይበልጣል በሚለው ክርክር ማንም አይችላችሁም። ዘፈኑ የማን ንብረት ነው ስትባሉ ግን «ምን አገባን» ትላላችሁ። እንዴት አያገባችሁም? ገንዘቡ የሚወጣው ከእናንተ ኪስ ነው!

ሽፋኑ ላይ ያለው የአሳታሚ ስም አያታልላችሁ። ቤሪ ጎርዲ እ.ኤ.አ. በ1959 ያቋቋመው ሞታውን የተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ በ1988 በ61 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል፤ ዛሬ የዩኒቨርሳል ነው። በ1931 የተመሠረተው የእንግሊዙ አሳታሚ ኢኤምአይ እንኳ በ2012 ለገዢዎች ተከፋፈለ። ቀድሞ ስድስት የነበሩት ታላላቅ የዓለም ሙዚቃ አሳታሚዎች ሦስት ቀሩ፦ ዩኒቨርሳል፣ ሶኒ፣ ዋርነር።

ሸክላ፣ ካሴት ወይም ሲዲ የገዛ ሰው ዕቃው የራሱ ነበር፤ ያውሰዋል፣ ይሸጠዋል፣ ለልጁ ይተወዋል። በ1999 ሰዎች ዘፈን በኢንተርኔት የሚቀባበሉበት ናፕስተር መጣና ሙዚቃ በነፃ መውሰድ ለመድን። ሽያጩ ለዓመታት ቁልቁል ወረደ። ገበያውን መልሶ ያነሳው ስትሪሚንግ፣ ማለትም ዘፈኑን ሳይገዙ በኢንተርኔት ለመስማት የሚከፈለው ወርኃዊ ክፍያ ነው፤ እናንተም «ከፍለናል» ብላችሁ ተኛችሁ።

አዎ ከፍላችኋል፤ ለምትሰሙት ሰው ግን አይደለም። አብዛኞቹ የስትሪሚንግ ኩባንያዎች የሁላችሁንም ገንዘብ አንድ ቋት ውስጥ ከትተው በጠቅላላው የመደመጥ ብዛት ያካፍሉታል። ወሩን ሙሉ አንድ ስም የሌለው ድምፃዊ ብቻ ብትሰሙ እንኳ፣ የከፈላችሁት በአብዛኛው የሚደርሰው አንዴም ከፍታችሁ ለማታውቁት ዝነኛ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ስፖቲፋይማ ከ2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ለድምፅ ቅጂው ባለመብት ከሚሰጠው ድርሻ ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም። ይህን እያወቃችሁ ዝም?

«እኛ ምን አቅም አለን» አትበሉኝ። የአሜሪካዊቷ ዘፋኝ የቴይለር ስዊፍት የመጀመሪያ ስድስት አልበሞች ማስተር (ዋናው የድምፅ ቅጂ) በ2019 ከአሳታሚዋ ጋር አብሮ ሲሸጥ፣ አራቱን እንደ አዲስ ዘፍና ቀዳቻቸው፤ ብዙ አድማጮቿም አሮጌውን ትተው አዲሱን መረጡ። በ2025 ማስተሮቹን ገዝታ የራሷ አደረገች። እሷስ ሀብታም ናት፤ የጀማሪው ነገር ነው የሚያሳስበኝ።

እንግዲህ ስንፍናውን ተዉት። ከአልበሙ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የባለመብት ስም አንብቡ። ባለመብቱ ራሱ ድምፃዊው ከሆነ፣ እሱ በቀጥታ ከሚሸጥበት ግዙ፤ ለምሳሌ ድምፃውያን ሥራቸውን በቀጥታ የሚሸጡበት ባንድካምፕ የተባለው ድረ ገጽ ከዲጂታል ሽያጭ የሚወስደው 15 በመቶ ገደማ ነው። ወርኃዊ ክፍያውን አቋርጡ አላልኩም፤ እሱን ከፍላችሁ ድምፃዊውን ያበላችሁት እየመሰላችሁ አትኩሩ ነው የምለው።