ይቅርታ ሌላ፣ ዕርቅ ሌላ

በመንፈሳዊ የፍቅር ልብ ወለዶች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ታሪክ አለ። ከዓመታት በፊት እጮኛውን ወይም ሚስቱን በድሎ የሄደ ሰው ልቡ ተሰብሮ ወደ ትውልድ ከተማው ይመለሳል፤ እርሷ ቂሟን እንደያዘች ነው፤ አንዲት ጸሎተኛ አያት ወይም አንድ አረጋዊ መጋቢ ስለ ይቅርታ ይነግሯታል፤ በመጨረሻው ምዕራፍም ይጋባሉ። እነዚህን መጻሕፍት ወድጄ አነባለሁ፤ የወደቀ ሰው እንደገና መነሣት እንደሚችል የሚናገር ታሪክ ለክርስቲያን አንባቢ መቼም አይበዛበትም። የምቃወመው ሠርጉ የይቅርታው ማረጋገጫ ተደርጎ መቅረቡን ነው።

በአማርኛ ይቅርታና ዕርቅ አንድ አይደሉም። ይቅርታ አንድ ሰው ብቻውን ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው፤ በዳዩ ባይመለስም፣ ቢሞትም እንኳ የተበደለው ከልቡ ይቅር ሊለው ይችላል። ዕርቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ መናገር፣ የሚካሰውንም መካስ አለበት። ልብ ወለዶቹ ብዙ ጊዜ ሁለቱን ስለሚያቀላቅሏቸው፣ ይቅር ያለች ሴት ሁሉ ወደ በደላት ሰው ቤት የመመለስ ግዴታ ያለባት ይመስላል።

በልጅነቴ በሰፈራችን ባልና ሚስት ሲታረቁ አይቻለሁ። ሰውየው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ቆመ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ቶሎ አላወረዱለትም። አስቀድሞ ያደረገውን በገዛ አፉ እንዲናገር ጠየቁት፤ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ ሳያስፈቅዳት የሸጠውን የአንገት ወርቋን፣ ውጭ ያደረባቸውን ሌሊቶች ሲዘረዝር፣ ከሚስቱ በቀር ቀና ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብላ ድንጋዩን በእጇ አወረደችለት። በዚያ ቀን ግን ወደ ቤቱ አልገባችም፤ ወርቁን እስኪተካላት ድረስ ወላጆቿ ዘንድ ተቀመጠች፣ ይህም ወራት ፈጀ። ይቅርታዋ በዚያች ዕለት ከልቧ እንደነበረ ዛሬም አልጠራጠርም።

መጽሐፍ ቅዱስም በዚህ ረገድ አይቸኩልም። ነቢዩ ሆሴዕ ትታው የሄደችውን ሴት በ15 ብርና በገብስ ገዝቶ ሲመልሳት፣ በምዕራፍ 3 የምናነበው የድግስ ወሬ ሳይሆን ብዙ ቀን ተለይታ እንድትቀመጥ፣ እርሱም እንዲሁ እንደሚጠብቃት የተነገራትን ቃል ነው። በዚህ ዘርፍ እጅግ ከታወቁት መጻሕፍት አንዱ፣ ፍራንሲን ሪቨርስ እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተመችው «ሪዲሚንግ ላቭ»፣ ይህንኑ የሆሴዕን ታሪክ በካሊፎርኒያ የወርቅ ፍለጋ ዘመን የሚተርክ ሲሆን፣ ሴቲቱ ወደ ባሏ በመጨረሻ የምትመለሰው ከረጅም ጊዜ መለያየት በኋላ፣ በራሷ እግር ቆማ ነው። ብዙዎቹ ተከታዮቹ የወሰዱት ፍቅሩን ነው፤ ጊዜውን ግን ጥለውታል።

ጴጥሮስም ጌታውን የካደው የፍም እሳት እየሞቀ ነበር። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ኢየሱስ በባሕሩ ዳር ዳግመኛ ሲያገኘው በዚያም ፍም ነዶ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ለካደው ሰው ጥያቄውም ሦስት ጊዜ ቀረበለት፣ በሦስተኛውም ጴጥሮስ አዘነ። ጌታ ያለፈውን እንዳልነበረ አድርጎ አላለፈውም፤ በጎቹን ከመስጠቱ በፊት ቁስሉን ነክቶታል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው። ባሏ የሚደበድባት ሴት ለመምከር የመጡ ሰዎች «ይቅር በዪውና ግቢ» ሲሏት ሰምቻለሁ፤ እነዚያ መካሪዎች ክፉዎች አልነበሩም፣ ነገር ግን ይቅር ማለትን ከመግባት ለይተው አያዩም ነበር። እርሷም ቤት ያለመግባቷን እንደ ኃጢአት ቆጥራ ስታለቅስ አይቻለሁ። እንዲህ ላለችው አንባቢ፣ ጀግናዋ ይቅር ብላ ነገር ግን የማታገባበት አንድ መንፈሳዊ ልብ ወለድ ብዙ ይጠቅማት ነበር።

የሚጋቡበትም ይጻፍ፤ እኔም አነበዋለሁ። ደራሲው ግን ከይቅርታው ቀጥሎ ወደ ሠርጉ ከመዝለል ይልቅ፣ ያ የሰፈራችን ሰው የወርቁን ዋጋ ጥቂት በጥቂት እያጠራቀመ፣ ማታ ማታ አማቶቹ በር ላይ ቆሞ ሰላምታ ብቻ ሰጥቶ የሚመለስባቸውን እነዚያን ወራት ቢጽፍልን እወዳለሁ።