የፊልም ሽልማቱን ማን ይምረጥ? ዳኛ ወይስ ተመልካች?

የክርክሩ ጥያቄ፦ እንደ ጉማ ባሉ አገራዊ የፊልም ሽልማቶች አሸናፊውን የባለሙያ ዳኞች ብቻ ይምረጡ? ደጋፊዋ የፊልም ኤዲተር ናት። ተቃዋሚው አዲስ ፊልም የማያመልጠው ተመልካች ነው።

ደጋፊ፦ አዎ፣ ዳኞች ብቻ። ዮናስ ብርሃነ መዋ በ2006 ዓ.ም. ጉማን ሲጀምር ለእኛ ከካሜራ ጀርባ ላለነው ትልቅ ነገር ነበር። ለድምፅም፣ ለሜካፕም፣ ለኤዲቲንግም የሚሸልም መድረክ ተገኘ። አሁን «ሕዝብ በኤስኤምኤስ ይምረጥ» ሲባል ያመኛል። ቲክቶክ ላይ ብዙ ተከታይ ያለው ተዋናይ «ላኩልኝ» ይላል፣ አለቀ። ብር ያለው ፕሮዲውሰር ደግሞ ሲም ካርድ ገዝቶ ያድላል። ለመሆኑ ፈንዲሻ እየበላ የሚያይ ሰው ኤዲቲንግን በምን ይመዝናል? የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» በ2009 እ.ኤ.አ. ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫሉን የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት ያሸለሙት ዳኞች ናቸው። በስልክ ቢሆን ኖሮስ?

ተቃዋሚ፦ ፈንዲሻ! እህቴ፣ ያን ፈንዲሻ የምበላው እኮ ትኬት ቆርጬ ገብቼ ነው። አምባሳደር ሲኒማ በር ላይ ተሰልፌ፣ ከፍዬ። ያንቺም ደሞዝ ከዚያው ይመጣል። ስበላ ዓይኔን አልጨፍንም፣ ፊልም ሲንዛዛም አውቃለሁ፣ ወንበሩ ላይ መገላበጥ ስጀምር ኤዲተሩ ተኝቷል ማለት ነው። ደግሞ ዳኞቹ እነማን ናቸው? ኢንዱስትሪያችን ጠባብ ነው። የዘንድሮ ዳኛ የአምና ተወዳዳሪ ሊሆን ይችላል፣ ለከርሞ ደግሞ የአሸናፊው ተቀጣሪ።

ደጋፊ፦ ፈንዲሻውን ተወው። የሕዝብ ምርጫ ከፈለግክ «ለዛ» የሚባለው ሽልማት አለልህ፣ የሬዲዮ አድማጮች ምርጫ ነው፣ ማንም አልከለከለህም። ሁሉም ሽልማት ለምን አንድ ዓይነት ይሁን? ኦስካርን እንኳ እይ። እጩ ኤዲተሮችን የሚያወጡት ኤዲተሮች ናቸው።

ተቃዋሚ፦ ግማሹን ብቻ ነገርሽን። እጩውን እነሱ ያወጣሉ፣ አሸናፊውን ግን ሁሉም የኦስካር አካዳሚ አባል ይመርጣል፣ ተዋናዩም ሜካፕ ሠሪውም። ደግሞስ አንድ ዘርፍ ላይ የታጩትን ፊልሞች ሁሉ ያላየ አባል በዚያ ዘርፍ ድምፅ አይሰጥም የሚል ደንብ ያወጡት መቼ መሰለሽ? በ2025 እ.ኤ.አ.! እስከዚያ በብዙ ዘርፍ ባለሙያ ተብዬው ሳያይም መምረጥ ይችል ነበር። እኛ ፈንዲሻ በሊዎቹ ቢያንስ አይተናል።

ደጋፊ፦ እንግዲህ እርስዎ ካሉ ይሁን። «ባለሙያ ተብዬ» ተባልን። እኔ አንድ ትዕይንት ስቆራርጥ የሚነጋብኝ ሰው ነኝ። ተዋናይዋ ስታለቅስ እርስዎም ያለቅሳሉ። ፊቷ ላይ ስንት ሰከንድ እንደቆየሁ፣ የትኛውን የተሻለ የሚመስል ቀረጻ እንደጣልኩ ግን አያውቁም። እንዳያውቁም ነው የደከምኩት። ጥሩ ኤዲቲንግ አይታይም። የማይታይ ሥራ በሕዝብ ድምፅ እንዴት ይመረጣል? ይንገሩኝ።

ተቃዋሚ፦ አኮረፍሽ እንዴ? አንቱታው ይቅርብኝ። ካለቀስኩ ሥራሽ ሠርቷል ማለት ነው፣ ሌላ ምን ልመዝን? እሺ ኤዲቲንጉን ውሰዱት። ምርጥ ፊልምንስ? እሱንም ለእናንተ ብቻ? ቢያንስ እያንዳንዱ ዳኛ የሰጠው ነጥብ በስሙ ይለጠፍ። ፊፋ ምርጥ ተጫዋች ሲያስመርጥ የየአገሩ አምበልና አሰልጣኝ ለማን ድምፅ እንደሰጠ በስም እናነባለን። ለፊልም ሲሆን ምን ያሳፍራል?

ደጋፊ፦ ሕዝብ ይምረጥ ነበር ያልከው፣ አሁን ነጥብ ይለጠፍ ሆነ። ነጥቡ ይውጣ፣ እኔም ስወዳደር ማወቅ እፈልጋለሁ። ስም ግን አይውጣ። አንድ አምበል ሜሲን ባይመርጥ ሜሲ መጥቶ አይጠይቀውም። እኛ ጋ ግን ዳኛው ነገ ከዚያው ፕሮዲውሰር ሥራ ይፈልጋል። ዝቅተኛ ነጥብ እንደሰጠው ከታወቀ ማን ይቀጥረዋል?

ተቃዋሚ፦ እና እኔ መጀመሪያ ምን አልኩ? ጠባብ ነው አላልኩም? ይኸው አንቺው መሰከርሽ። ሥራ አጣለሁ ብሎ ለሚፈራ ሰው ታዲያ ውሳኔውን ለብቻው ለምን እንሰጠዋለን?

ደጋፊ፦ ሲም ካርድ ለሚያድል ከመስጠት ይሻላል። ስለ ሲም ካርዱ እኮ እስካሁን አንድ ቃል አልመለስክልኝም።