ድካም ሁሉ እንቅልፍ አያመጣም

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው የሚኖረውን ሐበሻ ስለ ስፖርት ብትጠይቁት ብዙ ጊዜ የምትሰሙት መልስ «ሥራው ራሱ ስፖርት ነው» የሚል ነው። ሌሊቱን ኡበር ሲነዳ ያደረ፣ ነርሲንግ ሆም ደብል (ሁለት ፈረቃ አከታትላ) ሠርታ የገባች፣ ፓርኪንግ ውስጥ 8 ሰዓት የተቀመጠ ሰው በእርግጥ ደክሟል። ግን ይኸው የደከመ ሰው አልጋው ላይ ሲወጣ እንቅልፍ ይሸሸዋል፤ ቢተኛም ድካሙ ሳይወጣለት ይነሳል። ከዚያ ቡና፣ ከቡናው በኋላ ሥራ፣ እንደገና ያው ፈዞ መዋል።

አገር ቤት ብዙው ሰው ስፖርት ሳይለው በእግሩ ይሄዳል። ከሰፈር እስከ ታክሲ ተራ፣ ከታክሲ እስከ መሥሪያ ቤት፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ለቅሶ ቤት። ተደምሮ በቀን ከግማሽ ሰዓት የሚበልጥ የእግር መንገድ ነው፤ ያውም በፀሐይ። ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው ከአፓርታማው በሊፍት ወርዶ መኪናው ውስጥ ይገባል፤ ከመኪናው ወርዶ ሌላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የተቀየረው የሥራው ክብደት ብቻ አይደለም። ቀኑ ውስጥ ሳይታሰብ የነበረው እንቅስቃሴና የቀን ብርሃን አብረው ወጥተዋል።

እንቅልፍ የሚመጣው ሰው ስለተሰላቸ አይደለም። ነቅተን በቆየን ቁጥር አእምሯችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ እሱ ሲበዛ ዓይን ይከብዳል። አካል ሲሠራ ይህ የእንቅልፍ ግፊት ይጠነክራል፣ ጥልቁ የእንቅልፍ ክፍልም ይረዝማል። ከዚህ ሌላ የሰውነት ሙቀት አለ፦ በእንቅስቃሴ ጊዜ ከፍ ይልና በኋላ ሲወርድ ሰውነት ለእንቅልፍ ይዘጋጃል። ሹፌሩ ጋ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። በትራፊክ፣ በተሳፋሪና በስልክ ጥሪ ነርቩ ተወጥሮ ይውላል፣ ጡንቻው ግን ምንም አልሠራም። ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆና የምትሠራዋ ደግሞ ቆማና በሽተኛ አንሥታ ትውላለች፤ ይህ ወገብና ጉልበት ያደክማል እንጂ ልብን ለ20 እና ለ30 ደቂቃ ያለማቋረጥ አያሠራም። ስለዚህ «ሥራው ስፖርት ነው» የሚለው ለእሷም አይሆንም።

በቀን ውስጥ ያለው ብርታትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በመደበኛነት የሚንቀሳቀስ ሰው ጡንቻው ውስጥ ኃይል የሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያዎች ይበዛሉ፣ ልቡም በአንድ ምት ብዙ ደም ይረጫል። ያኔ ያው ደረጃ፣ ያው የሸቀጥ ከረጢት፣ ያው ሺፍት ከአቅሙ ላይ የሚወስደው ድርሻ ያንሳል።

መጠኑ ምን ያህል ይሁን? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ ይላል። መካከለኛ ማለት እየተራመዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትበት ፍጥነት ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ቅዳሜ ዕለት ጂም ገብቶ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ስለሚታገል ነው። የጡንቻው ሕመም በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን ይብሳል፤ መሪ ይዞ መቀመጥ ሳይቀር ያቅታል፤ በዚያው ይቀራል። ይልቅ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 10 ደቂቃ ብቻ፣ ለ5 ቀን ይሂድ። በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨምር። በአምስተኛው ሳምንት 30 ደቂቃ ይደርሳል፤ 150ው ሞላ ማለት ነው። ለጡንቻው ጂም አያስፈልግም፦ እጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ 10 ጊዜ፣ ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ 10 ጊዜ፣ በእግር ጣት መቆም 15 ጊዜ፤ ይህን ሁለት ዙር፣ በሳምንት 2 ቀን፣ በሁለቱ ቀናት መካከል ቢያንስ አንድ ቀን እያረፉ። ብርታቱ ቶሎ ይሰማል፤ እንቅልፉ ግን እስኪስተካከል ብዙ ጊዜ አራት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ መተው ያሳዝናል።

ቦታ ጠፋ እንዳይባል፣ ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ የላይኛው ቢች ድራይቭ ለመኪና ዝግ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የስላይጎ ክሪክ መንገድ አለ፣ ለአርሊንግተንና ለአሌክሳንድሪያ ሰው ፎር ማይል ረን። ሁሉም በነፃ ነው።

ሌሊት የሚሠራ ሰው ሰዓቱን በተለየ መንገድ ማስላት አለበት። (ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።) ከምሽቱ 5 እስከ ጠዋቱ 1 የሚሠራ ሰው ከሥራ እንደወጣ ሩጫ መሄዱ ስህተት ነው፤ የጠዋት ብርሃንና የልብ ምት ተጋግዘው ያነቁታል። ቀጥታ ወደ ቤት፣ ጥቁር መጋረጃ፣ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ተኩል እንቅልፍ፤ ከዚያ ተነሥቶ 10 ሰዓት ላይ የ30 ደቂቃ እርምጃ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ዲሲ ላይ ፀሐይ 11 ሰዓት ሳይሞላ ስለምትጠልቅ ይህን ሰዓት ማሳለፍ ብርሃኑንም ማጣት ነው። ሹፌር ከሆነ በየ2 ሰዓቱ ወርዶ 5 ደቂቃ ይራመድ፤ ለእንቅልፉ ብቻ ሳይሆን ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ መቆየት እግር ውስጥ ደም ሊያረጋ ስለሚችልም ነው። ቀን ለሚሠራው ደግሞ ማታ ስፖርት መሥራት ችግር የለውም፣ ከባዱ እንቅስቃሴ ከመኝታ ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድሞ ካለቀ።

ቡናውን መንካት ከባድ ቢሆንም ሳይነካ አይታለፍም። ካፌይን የሚሠራው የአዴኖሲንን ቦታ በመያዝ ነው፣ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣትም ወደ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ አቦሉን የጠጣ ሰው 5 ሰዓት ላይ ሊተኛ ሲል ግማሹ አሁንም ደሙ ውስጥ ነው። በእንቅስቃሴ የተገኘውን እንቅልፍ የምሽት ቡና ይቀማዋል። ቡናው ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ቢፈላ ወጉም አይቀርም፣ እንቅልፉም ይተርፋል።

አገር ቤት ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። መኪና የገዛው፣ ኮንዶሚኒየም የገባው፣ ቢሮ የሚውለው የአዲስ አበባ ሰው አኗኗሩ ወደ ዲሲው እየቀረበ ነው። ንጋት ላይ መስቀል አደባባይን የሚሞላውን ሰው ማየት ደስ ይላል፤ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኝቶ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ለስፖርት የሚነሳ ሰው ከእንቅልፉ ቀንሶ ነው የሚሮጠው። አራት ሰዓት ተኩል ብቻ ተኝቶ የአደባባዩን ደረጃ መውጣትና መውረድ ለጉዳት ያጋልጣል፣ ቀን ቢሮ ያንቀላፋል። እንዲህ ያለው ሰው ወይ ቀድሞ ይተኛ፣ ወይ ስፖርቱን ወደ ማታ 11 ሰዓት ያዙር። ተሽከርካሪ በሚበዛበት ሰዓት በዋና መንገድ ዳር መሮጥም ጭስ መሳብ ነው፤ ጃንሜዳ ወይም እ.ኤ.አ. በ2020 የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ይሻላል።

ለዕረፍት የሚመጣው ዳያስፖራ ደግሞ ሁለት ነገር ይገጥመዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽ ያጥራል፣ እንቅልፍም ይቆራረጣል፤ እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ በእርምጃ ብቻ ይወሰን። ሁለተኛው የሰዓት ልዩነቱ ነው፤ ከዲሲ ጋር በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው። ብዙዎች ገና በማግሥቱ ማለዳ ወጥተው ይራመዳሉ፤ ያኔ ግን ሰውነታቸው ገና የዲሲ ምሽት ላይ ስለሆነ ብርሃኑ ሰዓታቸውን ይበልጥ ወደ ኋላ ይገፋዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ መውጣት፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ወደ ጠዋት መሳብ ይሻላል።

ይህን ሁሉ ለሁለት ወር አድርጎ ድካሙ ያልለቀቀው ሰው ግን ደቂቃ አይጨምር፣ ይመርመር። የደም ማነስና የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ችግር በስፖርት አይወጡም። በኃይል የሚያንኮራፋ፣ ትንፋሹ ሌሊት ቆም ሲል ቤተሰቡ የሚያየው፣ መሪ ላይ የሚያንቀላፋ ሹፌር የእንቅልፍ ምርመራ እንዲታዘዝለት ሐኪሙን ይጠይቅ። ደረቱን የሚጨምቀው ወይም ሲራመድ ራሱን የሚያዞረው ሰውም መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ ጫማ።