የወደድሽውን አሳዪን፤ ከማን እንደወሰድሽም ንገሪን

የሥነ ጥበብ ተማሪዎች በማኅበራዊ መገናኛ ገጾቻቸው የሚያጋሩትን ነገር የሚንቁ መምህራንና ሠዓሊያን ጥቂት አይደሉም። አንዲት ተማሪ ዛሬ የጥንቱን የሆላንድ ሠዓሊ የሬምብራንትን ሥዕል፣ ነገ ራሷ ጀምራ ያልጨረሰችውን ንድፍ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ከአኒሜሽን ፊልም የቀነጨበችውን ምስል ወይም የሙዚቃ አልበም ሽፋን ትለጥፋለች። ወቀሳውም አይዘገይም፦ ትልቁንና ትንሹን ደባለቀች፤ ሳትማር ለመታየት ቸኮለች፤ በሰው ሥራ ትደምቃለች። ከሦስቱ ሁለቱ ውኃ የማያነሡ ናቸው። ሦስተኛው ግን ቁም ነገር አለው፤ ይሁን እንጂ ወቃሾቿ በሚሉት መንገድ አይደለም።

መጀመሪያ መደባለቁን እንየው። የሆላንዱ ሠዓሊ ቪንሰንት ቫን ጎግ ሥዕልን በራሱ ጥረት በሚማርባቸው ዓመታት በእንግሊዝ ሳምንታዊ ጋዜጦች ላይ የሚወጡ ሥዕሎችን እየሰበሰበ ያስቀምጥ ነበር። የጋዜጣ ሥዕል በዚያን ዘመን ዜና ማጀቢያ እንጂ በክብር የሚሰቀል ጥበብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1886 ፓሪስ ከገባ በኋላ ደግሞ የጃፓን የእንጨት ቅርጽ ኅትመቶችን በመቶዎች እየቆጠረ ገዛ። እነዚህም ቢሆኑ በተሠሩበት አገር የተዋናዮችንና የቆነጃጅትን መልክ ለብዙኃን በርካሽ የሚያደርሱ የገበያ ዕቃዎች ነበሩ። ዛሬ ቤተ መዘክሮች በክብር ያስቀመጧቸው ሥራዎች የዚያን ጊዜ የመዝናኛ ባህል ነበሩ ማለት ነው።

በ1887 ያደረገው ነገር በቅርብ ሊታይ ይገባዋል። «ፓሪስ ኢሉስትሬ» የተባለው መጽሔት ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ጃፓን ባወጣው ልዩ እትም ሽፋን ላይ የጃፓናዊው ሠዓሊ የኬይሳይ ኤይሰን ሥራ የሆነች ሴት ነበረች። ቫን ጎግ በሽፋኑ ላይ ስስ ወረቀት አኑሮ መስመሩን ተከትሎ ገለበጠ፤ በላዩ አራት ማዕዘን መረብ አሰመረበት፤ በመረቡ እየተመራ ምስሉን አሳድጎ ወደ ሸራ አሻገረ። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ገልባጭ ባልነው ነበር። እሱ ግን የልብሷን ቀለም እንዳሻው ለወጠ፤ ዙሪያዋንም በውኃ አበባ፣ በቀርከሃ፣ በእንቁራሪትና በሽመላ መሰል ወፎች ሞላው። ለወንድሙ ለቴዎ በሚጽፋቸው ደብዳቤዎችም ያደነቃቸውን ሠዓሊያን ስም፣ የተጀመረ ሥራውን ንድፍና ሊቀባ ያሰበውን ቀለም አንድ ላይ ይልክ ነበር። ተማሪዋን «ደባለቀች» የሚሏት ሰዎች እነዚያን ደብዳቤዎች በቤተ መጻሕፍታቸው በአክብሮት መደርደራቸው ይገርመኛል።

ስለ መቸኮሉ ብዙ አልልም። ከሌሎች ሥራ ፊት ቁጭ ብሎ መሥራት ጀማሪ ብቻ የሚያደርገው ነገር አይደለም። ፒካሶ በ1957፣ 75 ዓመት ሞልቶት፣ የስፔናዊውን ሠዓሊ የቬላስኬዝን የ1656 ሥዕል ይዞ ለወራት ተዘጋና 58 ሸራዎች ሠራ። የእኛው እስክንድር ቦጎስያን በፓሪስ ቆይታው ከሠዓሊዎቹ ከፖል ክሌና ከዊፍሬዶ ላም ያየውን ከጠልሰም ጥቅልሎች ጋር አዋሕዶ የራሱን ዓለም ፈጠረ። ቫን ጎግም በ1889 ታሞ በተኛበት በፈረንሳይ ሳን ሬሚ የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የሚሌን ሥራዎች ከጥቁርና ነጭ ኅትመት እያየ በቀለም ይሠራቸው ነበር፤ ሙዚቀኛ የቤቶቨንን ሥራ በራሱ ስሜት ሲጫወት ማንም እንደማይወቅሰው እያነሣ ለወንድሙ ጽፏል። ያላለቀ ንድፍ ለሕዝብ ማሳየትም ነውር የለበትም። እንዲያውም ከተዋበው ሥራ ይልቅ የተሰረዘው መስመር ተመልካቹን ያስተምራል።

ሦስተኛው ወቀሳ ግን ሌላ ነው። በሰው ሥራ መደነቅ ሌላ፣ የሰውየውን ስም መዋጥ ሌላ። አሜሪካዊው ሠዓሊ ሮይ ሊክተንስታይን በ1963 የሠራው «ዋም!» የተሰኘው ትልቅ ሥዕል ዛሬ በለንደን ቴት ቤተ መዘክር ይገኛል። መነሻው በ1962 በወጣ የጦርነት ኮሚክ (ታሪክን በተከታታይ ሥዕሎች የሚተርክ) መጽሔት ላይ ኢርቭ ኖቪክ የሣላት አንዲት ትንሽ ባለ ክፈፍ ሥዕል ናት። ሊክተንስታይን ብዙ ነገር ለውጧል፤ ይህን አልክድም። ሆኖም የአንደኛውን ስም ዓለም ሲያውቀው የሌላውን ስም የሚያውቁት የኮሚክ ወዳጆች ብቻ ናቸው። ይህ ደግሞ ከችሎታ ልዩነት ብቻ የመጣ አይመስለኝም። የአንዱ ሥራ «ጥበብ»፣ የሌላው «ዕቃ» ተብሎ ስለተመዘገበ ነው።

የሊን ጎልድስሚዝ ጉዳይ ይበልጥ ግልጽ ነው። ፎቶግራፍ አንሺዋ በ1981 ሙዚቀኛውን ፕሪንስን አነሣችው። በ1984 «ቫኒቲ ፌር» መጽሔት ፎቶውን ለአሜሪካዊው ሠዓሊ ለአንዲ ዋርሆል መነሻ እንዲሆን ለአንድ ጊዜ ብቻ በ400 ዶላር ተከራየው፤ ሥዕሉ ሲታተምም ስሟ ተጠቀሰ። ዋርሆል ግን ከዚያው ፎቶ ሌሎች ምስሎችም ሠርቶ ነበር። ፕሪንስ በ2016 ሲሞት የመጽሔቱ ባለቤት ኮንዴ ናስት ከእነዚያ አንዱን ሽፋን ላይ አወጣና ለዋርሆል ፋውንዴሽን ከ10,000 ዶላር በላይ ከፈለ። ለጎልድስሚዝ ገንዘብም አልደረሳት፣ ስሟም አልተጠራም። በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 7 ለ2 በሆነ ድምፅ ለእሷ ፈረደ። ሕጉ ብዙ ቅርንጫፍ አለው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን በ1984 የነበረችው አንዲት መስመር ስም በ2016 መጥፋቷ ነው።

ተማሪዎቻችን ይህንኑ በየቀኑ ያደርጉታል። ምስሉን ይለጥፉና ከሥሩ አንድ ልብ ወይም «ዋው» ያስቀምጣሉ። የሣለው ማን ነው? የት ተገኘ? ዝም። የፊልም ሲሆንማ ስሙን ለመፈለግ የሚደክም የለም፤ ፊልሙ በራሱ የተሠራ ይመስል። የጃፓኑ ስቱዲዮ ጂብሊ ፊልሞች ላይ የሚታየውን ለምለም ደን ብዙዎች ያጋራሉ። ከእነዚያ ዳራዎች ብዙዎቹን በፖስተር ቀለም በእጁ የቀባው ካዙኦ ኦጋ ነው። ስሙን የጻፈች ተማሪ ሌሎች ሥራዎቹን ትፈልጋለች፤ ስትፈልግም አረንጓዴው አንድ እንዳልሆነ፣ ከጥላው በታች ሰማያዊና ቡናማ እንዳለ፣ የሩቁ ቅጠል በሰፊ ብሩሽ ተነክቶ የቅርቡ ብቻ አንድ በአንድ እንደተለቀመ ታያለች። «ዋው» ብላ ያለፈችው ግን ያው «ዋው» ላይ ናት።

የባሰው ደግሞ መነሻን መደበቅ ነው። ከፎቶግራፍ እያየ የተሣለ የፊት ሥዕል ከአእምሮ የፈለቀ መስሎ ይቀርባል፤ የእጅ አቀማመጡ ከሌላ ሠዓሊ መወሰዱ አይነገርም። ተማሪው የሚፈራው «ታዲያ ያንተ የቱ ነው?» መባልን ነው። ጥያቄውን ግን በምንጩ አጠገብ ሥራውን ሲያስቀምጥ የሚመልሰው ራሱ ሥዕሉ ነው፤ የተለወጠው ሁሉ ወዲያው ይታያል። ምንም ካልተለወጠም እንዲሁ ይታያል፤ ይህንንም ገና በትምህርት ላይ ሳለ ቢያውቀው ይሻለዋል።

መምህራንም ከነቀፋ አልፈው ይህን በግምገማ ውስጥ ሊያስገቡት ይችላሉ። የመመረቂያ ሥራ ሲቀርብ ከሸራው ጎን የምንጮች ሰሌዳ ይሰቀል፤ የሬምብራንት ኅትመት፣ የኮሚክ ገጽ፣ የአልበም ሽፋን፣ ሁሉም ያለ ማዕረግ ልዩነት፣ እያንዳንዱ ከሠሪው ስም ጋር። ከእያንዳንዱም ሥር ተማሪዋ የወሰደችውን ትጻፍ፦ ከዚህ የአንገቱን መዞር፣ ከዚያ የብርሃኑን አቅጣጫ፣ ከወዲያኛው የቢጫና የወይን ጠጅ ቀለም ጉርብትና። ነጥብ ሲሰጥም ሰሌዳውና ሸራው አብረው ይታዩ።