እርማት፦ ከገንዳ ወለል የተነሳ የዓሣ ዓይነ ምድር ሁሉ ለምርመራ አይሆንም

«የዓሣን የአንጀት ጤና ለማስመርመር ከገንዳው ወለል ያገኙትን ዓይነ ምድር በአልኮል ነክሮ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ይበቃል» የሚለው ምክር በስፋት ቢነገርም፣ ሁለት ስሕተቶችን አጣምሮ ስለያዘ መታረም ይገባዋል።

ወለል ላይ የቆየ ዓይነ ምድር በውኃው ውስጥ በነጻነት በሚኖሩ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታትና ጥቃቅን ትሎች ስለሚወረር፣ በማይክሮስኮፕ የሚመለከተው ሰው እነዚህን የአንጀት ተውሳክ አድርጎ ሊቆጥራቸውና ጤነኛውን ዓሣ ላላስፈላጊ መድኃኒት ሊዳርገው ይችላል። ስለዚህ ዓሣውን አሸዋም ጠጠርም በሌለበት ንጹሕ ዕቃ ለይቶ፣ ዓይነ ምድሩን ገና እንደወጣ በጠብታ መምጠጫ ማንሳት ያስፈልጋል።

አልኮሉ ደግሞ የባሰ ጉዳት አለው። ስፒሮኑክሊየስን የመሰሉ፣ በጅራፍ መሰል አካል የሚዋኙ ተውሳኮች በቀላሉ የሚታወቁት በሕይወት ሳሉ በሚያሳዩት ፈጣን እንቅስቃሴ ነው፤ አልኮል ከነካቸው ግን ይሞታሉ፣ ከሌላው ኮተት ለመለየትም ያስቸግራሉ። ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብቶ በረዶ ማድረግም ያው ነው። ትክክለኛው አሠራር ከናሙናው ጥቂት ወስዶ በዚያው በገንዳው ውኃ ጠብታ አቅጥኖ (የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ሊኖረው ስለሚችል አይመከርም)፣ በስስ መስታወት ሸፍኖ ወዲያውኑ ማየት ነው። አልኮል የሚያገለግለው ለዘረ መል ምርመራ ሲሆን፣ የትል እንቁላል ለመፈለግ 10 በመቶ ፎርማሊን (ናሙና ማቆያ ኬሚካል) ይሠራል፤ የትኛው እንደሚፈለግ አስቀድሞ ላቦራቶሪውን መጠየቅ ነው።

ነጭና ክር መሰል ዓይነ ምድርም ብቻውን የተውሳክ ማረጋገጫ አይደለም፤ ምግብ ያቋረጠ ዓሣም ንፍጥ ብቻ የሆነ ተመሳሳይ ነገር ያወጣል።