ከማቹ ፒቹ በፊት ሸለቆው ይቅደም

አስጎብኚዎች የሚሸጡት የተለመደው የፔሩ መርሐ ግብር ጠዋት ኩስኮ ያሳርፍዎታል፤ በነጋታው ሌሊት ቀስቅሶ የኢንካዎች ፍርስራሽ ከተማ ወደሆነችው ማቹ ፒቹ ይወስድዎታል፤ ሲመለሱ ደግሞ ለገበያ አንድ ሰዓት ይሰጥዎታል። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት።

ዋናው ምክንያት ከፍታው ነው። ኩስኮ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ማቹ ፒቹ ግን 2,430 ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ብዙም አይበልጥም። የአዲስ አበባ ሰው እንኳ ኩስኮ ሲገባ አንድ ሺህ ሜትር ይጨመርበታል፤ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ለኖረማ ደጋውን ሰውነቱ ረስቶታል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት የሚበረቱት በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ነው። ስለዚህ ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ኩስኮ አጠገብ ወዳለው የወንዝ ሸለቆ፣ ወደ ቅዱሱ ሸለቆ ወርዶ፣ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ በምትገኘው ኦያንታይታምቦ ማደር ይሻላል። የማቹ ፒቹ ባቡርም የሚነሳው ከዚያው ነው። በየሆቴሉ የሚቀርበው የኮካ ሻይ በዕፅ ምርመራ ስለሚታይ፣ መሥሪያ ቤቱ የሚመረምረው ሰው ቢተወው ይበጀዋል።

ትኬት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሸለቆውን ፍርስራሾች ብቻ የሚያስገባው ባለ 70 ሶል (የፔሩ ገንዘብ) ትኬት የሚያገለግለው 2 ቀን ነው፤ ረጋ ብሎ ለሚጓዝ የሚሆነው ባለ 130 ሶሉ፣ የ10 ቀኑ ነው። ማቹ ፒቹ በሁለቱም ውስጥ የለም። የእሱ ትኬት ቀን፣ ሰዓትና የእግር መስመር ተቆርጦለት በፓስፖርት ስም የሚሸጥ በመሆኑ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ለሚሄድ አስቀድሞ ካልተገዛ ማግኘቱ ያስቸግራል።

የሸለቆው ሌላ ፍርስራሽ በሆነው ፒሳክ ላይ በታክሲ እስከ ላይኛው በር ወጥቶ እርከኖቹን በእግር መውረድ ነው። ኦያንታይታምቦ ከፀሐይ ቤተ መቅደሱ ስድስት ግዙፍ ድንጋዮች ፊት ጊዜ ይውሰዱ፤ የመጡት ከወንዙ ማዶ፣ ከተራራው ላይ ካለው ካቺቃታ ነው። መንገድ ላይ የቀሩት ድንጋዮች ዛሬም እዚያው ተጋድመው ይታያሉ።

የሸማኔዎቹ ከተማ ቺንቼሮ 3,760 ሜትር ላይ ስለሆነች ወደ ኩስኮ ሲመለሱ፣ ሰውነት ከተላመደ በኋላ ትቆይ። የጉዞው ትልቁ ነገር ለእኔ እሷ ናት። እዚህ ፈትሉም ሽመናውም በሴቶች እጅ ነው። ሱፉን በሥር አረፋ ያጥቡታል፤ በእንዝርት ይፈትሉታል፤ በቁልቋል ላይ በሚኖረው ኮቺኒል ቀይ ያቀልሙታል። ትግራይ ውስጥ የበለስ ጠላት የሆነው ይኸው ነፍሳት ነው። ሎሚ ሲጨመርበት ቀለሙ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል። ድሩን አንድ ጫፉን እንጨት ላይ፣ ሌላውን ወገባቸው ላይ አስረው በሰውነታቸው እየወጠሩ ይሸምናሉ።

እውነተኛውን ለመለየት ጨርቁን ይገልብጡት። የእጅ ሥራ ጥለቱ በጀርባም ቀለሙን ተለዋውጦ ይታያል፤ የማሽኑ ጀርባ ላይ ግን ልቅ ክሮች ይንዘላዘላሉ። ቀጥሎ ጠርዙን ይዩ፤ የአንዲስ ሸማኔ ጨርቅ ስለማትቆርጥ አራቱም ጠርዞች የተሸመኑ ናቸው። ከአንደኛው ጫፍ አጠገብ ጥለቱ ተጣቦ ወይም ቀለል ብሎ ካዩ ጉድለት እንዳይመስልዎ፤ ሥራው ሊያልቅ ሲል ማግ ማሳለፊያው ስለሚጠብ በመርፌ የተጨረሰበት ቦታ ነው።

አልፓካ ሱፉ የሚሸለት የአንዲስ እንስሳ ነው፤ «ቤቢ አልፓካ» የሚለው ጽሑፍ ስለ ክሩ ቅጥነት እንጂ ስለ እንስሳው ዕድሜ አይናገርም፤ በጥቂት ዶላር የሚሸጠው ሻርፕ ደግሞ ባብዛኛው አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ነው። ሻጯን አስፈቅደው ከዘርፉ አንድ ክር ቢያቃጥሉ አክሪሊኩ ቀልጦ ጠጣር ጠብታ ይሆናል፤ ሱፉ እንደ ፀጉር ይሸትና በጣት ይደቅቃል።

የትከሻ ልብስ የሆነው ሊክላ ከፈትል እስከ ሽመና ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይፈጃል። በአክሪሊኩ ዋጋ ይከራከሩ፤ ይህን ግን የተጠየቁትን ከፍለው ይውሰዱ።