አፑን ማጥፋት ነፃ ሙከራውን አያቋርጥም

ወንድሜ፣ «ነፃ የሙከራ ጊዜው ሊያልቅ ሲል የፊልሙን አፕ ከስልክህ አጥፋው፣ ምንም አይቆርጡብህም» ያልከውን አነበብኩት። በቅንነት እንደመከርክ አውቃለሁ። ግን ስህተት ነው፣ ሰው ገንዘቡን ያጣበታል።

ስትመዘገብ የካርድ ቁጥር የሚጠይቁህ ለምን ይመስልሃል? ሙከራው ሲያልቅ ሂሳቡ በራሱ እንዲቆረጥ ነው። ውሉ ከአካውንትህ ጋር እንጂ ከስልክህ ጋር አይደለም። አፑ ጠፋ አልጠፋ ክፍያው ይቀጥላል።

እዚህ ሐዋሳ፣ አቶቴ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ደርሶባታል። የተመዘገበችው ውጭ አገር ባለው ወንድሟ ካርድ ነበር። አፑን አጥፍታ ረሳችው። በሦስተኛው ወር ደውሎ «አሁንም እያየሽ ነው እንዴ?» አላት። አንድም ቀን አላየችም። ያኔ ምን ያህል እንዳፈረች ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል።

አንድሮይድ ከሆነ ፕሌይ ስቶር ግባ፣ ከላይ ጥግ ላይ ያለውን ፎቶህን ንካ፣ «ፔይመንትስ ኤንድ ሰብስክሪፕሽንስ» ውስጥ ገብተህ ሰርዝ። አይፎን ላይ ሴቲንግስ ከፍተህ ስምህን ስትነካ «ሰብስክሪፕሽንስ» የሚል ታገኛለህ። አፕል ሙከራው ከማለቁ ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት ሰርዙ ይላል፤ የመጨረሻዋን ሌሊት አትጠብቅ። የተመዘገብከው በድርጅቱ ድረ ገጽ ከሆነ ግን ሁለቱም ጋ አታገኘውም። እዚያው ድረ ገጹ ላይ ገብተህ ነው የምትሰርዘው።

ደግሞ ኔትፍሊክስ ነፃ ሙከራ አይሰጥም። «ኔትፍሊክስ አንድ ወር በነፃ» የሚል ሊንክ ከደረሰህ አትንካው፣ ለሌላም አታስተላልፍ።